ጉልበተኛውን መኪና ልሽጠው ወይስ ልያዘው?

ሰሞኑን አንድ የመርካቶ ወዳጄ «ሻይ ልጋብዝህ» ብሎ ጠራኝ። ሥራው ቆርቆሮና ሚስማር ነው። ሻዩ ሳይቀርብ ጥያቄው ቀረበ።

«ቪ ኤይቷን ላወጣት ነው መሰለኝ። ናፍጣ ጨረሰኝ። ደላላው ደግሞ በየቀኑ ይደውላል» አለኝ።

ደላላው ያመጣለት ሐሳብ እንዲህ ነው። «ጋሼ፣ ላንድክሩዘሩን ለኔ ይስጡኝ። ገዥ በእጄ አለ። በምትኩ ነዳጅ የማታውቅ የኤሌክትሪክ መኪና አስገባልዎታለሁ፤ የተረፈውን ጥሬ ብር ይዘው ይሄዳሉ።» ወዳጄ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አጥቷል። አንድ ልቡ መኪናውን ይወዳል፤ በእሱ ሠርግ አጅቦበታል፣ ለቅሶ ደርሶበታል፣ ጭነቱን ሊያይ ሞያሌ ድረስ ወርዶበታል። ሌላው ልቡ ደግሞ ማደያ በደረሰ ቁጥር ያመዋል።

ይህ ጥያቄ የሱ ብቻ አይደለም። ትልቅ ሞተር ያለው መኪና የያዘ ነጋዴ ሁሉ ዛሬ ይህንኑ ይጠይቃል። ስለዚህ ለወዳጄ በናፕኪን ላይ የጻፍኩለትን ሒሳብ ለገበያ ገጽ አንባቢዎችም ላካፍል ወደድኩ። ደላላ ወንድሞቼ አይቀየሙኝ፤ ሒሳቡ አንዳንዴ ለእነሱም ይፈርዳል።

በድንጋጤ የሸጠ

አስቀድሞ አንድ ነገር እናስታውስ። የነዳጅ ዋጋ ሰውን ማስደንገጡ አዲስ አይደለም። በየካቲት 1966 ዓ.ም. ቤንዚን በአንድ ጊዜ በ50 ከመቶ ገደማ ሲጨምር የአዲስ አበባ ባለታክሲዎች ሥራ አቆሙ። መንግሥት ደንግጦ ዋጋውን ዝቅ ቢያደርግም ነገሩ በነዳጅ አላበቃም፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ።

በሌላው ዓለም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 የሆነውን እንይ። በሐምሌ ወር የአንድ በርሜል ድፍድፍ ዋጋ 147 ዶላር ገደማ ደረሰ። አሜሪካውያን ትልልቅ መኪኖቻቸውን ባገኙት ዋጋ እየጣሉ ትንንሾቹን በውድ ገዙ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ በርሜሉ ከ40 ዶላር በታች ወረደ። በሐምሌ የሸጠው ሰው ሁለት ጊዜ ተመታ፤ ሲሸጥ በርካሽ፣ ሲገዛ በውድ።

ከዚህ የምንማረው ግማሹን ብቻ ነው። በድንጋጤ አለመሸጥ ለእኛም ይሠራል። «ቆይ ይወርዳል» ማለት ግን ለእኛ አይሠራም። የእኛ የማደያ ዋጋ በሁለት ነገር ታስሯል፤ በዓለም ገበያና በብር ምንዛሪ። በ2014 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ መንግሥት ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሣት ሲጀምር አዲስ አበባ ላይ አንድ ሊትር ቤንዚን 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ሆነ። በሁለት ዓመት ተኩል ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። በመካከሉ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀና ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት 100 ብር አለፈ። በርሜሉ ቢወርድም ብሩ አብሮ ከወረደ ማደያው አይወርድም።

ስለ ድንጋጤ የምናገረው ከመጽሐፍ አንብቤ ብቻ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ዋጋው ሲጨምር እኔም ደንግጬ ደህና መኪናዬን በሳምንት ውስጥ ሸጥኩ። በምትኩ «በሊትር 16 ትሄዳለች» የተባለች ትንሽ ያገለገለች መኪና ገዛሁ። እውነትም 16 ትሄድ ነበር፤ ግን ዘይት ትበላ ነበር። በሁለተኛው ወር ሞተሯ ወረደ። ከነዳጅ ያተረፍኩትን ለጋራዥ ከፈልኩ፤ ያልነበረኝንም ጨመርኩ። በዓመቱ በኪሳራ አውጥቼ እንደገና ባለ ስድስት ሲሊንደር የጀርመን መኪና ላይ ተመለስኩ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው።

«በሊትር ስንት ይሄዳል?»

የኛ ሰው መኪና ሲገዛ መጀመሪያ የሚጠይቀው «በሊትር ስንት ይሄዳል?» ብሎ ነው። ጥያቄው መልካም ነው፤ መልሱ ግን ያሳስታል።

ሁለት ጎረቤታሞችን እንውሰድ። ሁለቱም በወር 1,000 ኪሎ ሜትር ይነዳሉ። አንደኛው በሊትር 12 የሚሄድ መኪናውን ሸጦ 20 የሚሄድ ገዛ። ሁለተኛው በሊትር 5 የሚሄደውን ሸጦ 8 የሚሄድ ገዛ። ማን የበለጠ ያተረፈ ይመስላል? ሰፈሩ ሁሉ «20 የሚሄደውን የገዛው» ይላል። ሒሳቡ ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያው በወር 83 ሊትር ያቃጥል የነበረው ወደ 50 ወረደለት፤ 33 ሊትር አዳነ። ሁለተኛው ከ200 ሊትር ወደ 125 ወረደ፤ 75 ሊትር አዳነ። ሊትሩን ለሒሳብ እንዲቀል በ120 ብር ብንይዘው (አንባቢ የዕለቱን ዋጋ ይተካ) የመጀመሪያው በወር 4,000 ብር፣ ሁለተኛው 9,000 ብር ተረፋቸው።

ስለዚህ «በሊትር ስንት?» የሚለውን ትተን «በወር ስንት ሊትር?» እንበል። ብዙ የሚጠጣ መኪና ያለው ሰው ትንሽ መኪና ውስጥ ለመታጨቅ አይገደድም፤ አንድ ደረጃ ዝቅ ቢል እንኳ ብዙ ያድናል። ቀድሞውንም ቆጣቢ መኪና የያዘ ደግሞ የበለጠ ቆጣቢ ፍለጋ ወጪ ባያበዛ ይሻለዋል። ቶዮታ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2021 ባለ 300 የሚባለውን ላንድክሩዘር ሲያወጣ ስምንቱን ሲሊንደር ትቶ በስድስት ተክቶታል። ፋብሪካው አንድ ደረጃ መውረዱን አላፈረበትም።

ለየትኛው ጉልበት ነው የምንከፍለው?

ስለ ጉልበትም እውነቱን እንነጋገር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በዚህ ከፍታ ከፋብሪካ ጉልበቱ አንድ አምስተኛውን ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያጣል። የኔ ባለ ስድስት ሲሊንደር መኪና ወረቀቱ ላይ የተጻፈለትን የፈረስ ጉልበት በዚህ ከተማ አንድ ቀንም አሳይቶኝ አያውቅም። ቱርቦ ያለው ሞተር አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ጉዳቱ ያነሰ ነው፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ደግሞ አየር ስለማያስፈልገው ከፍታው አይነካውም።

ታዲያ ይህ ጉልበት በከተማችን መንገድ የት ይውላል? ከሜክሲኮ እስከ መገናኛ በሰልፍ ውስጥ ነው። ትልቅ ሞተር ቆሞ ሲንተፋተፍም ይጠጣል። በፈጣን መንገድ ላይ ብንለቀውስ? አየር መኪናን ወደ ኋላ የሚገፋበት ኃይል ከፍጥነቱ ጋር በእጥፍ እጥፍ ያድጋል። ከ90 ወደ 120 የወጣ ሰው ፍጥነቱን በሲሶ ሲጨምር አየሩ ግን ወደ 80 ከመቶ የሚጠጋ ተጨማሪ ግፊት ይመልስበታል። አዳማ በጥቂት ደቂቃ ቀድሞ ለመድረስ ያን ያህል መክፈል ያዋጣል ወይ? አባቶች «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ብለዋል።

ለትልቅ መኪና የሚቆም ክርክርም አለ፤ አልክድም። ወደ ሞያሌ፣ ወደ መተማ፣ ወደ ጎሬ የሚመላለስ፣ ጠጠርና ጭቃ የሚረግጥ ሰው ላንድክሩዘር መያዙ መሣሪያ መያዙ ነው። አናጢ መጋዙን ብረቱ ከበደ ብሎ አይሸጥም። ወዳጄን «ከከተማ ውጪ በዓመት ስንት ጊዜ ትወጣለህ?» አልኩት። ቆጠረ። አራት ጊዜ። ለአራት ጉዞ መኪና መከራየትም ይቻላል።

ትልቁ ወጪ ማደያው ላይ አይደለም

አሁን የወዳጄን ናፕኪን እንክፈት። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተያዙ ናቸው፤ አንባቢ የራሱን ያስገባ።

በወር 1,500 ኪሎ ሜትር ይነዳል። በከተማ ሰልፍ ውስጥ መኪናው በሊትር 6 ይሄዳል። 250 ሊትር፣ በ120 ብር 30,000 ብር። በሊትር 15 የምትሄድ ትንሽ መኪና ብትሆን 100 ሊትር፣ 12,000 ብር። በወር 18,000፣ በዓመት 216,000 ብር ይድናል።

ጥሩ ነው። ነገር ግን መለወጡ ራሱ ያስከፍላል። መኪናው 12 ሚሊዮን ብር ያወጣል፣ የምትገዛው 4 ሚሊዮን ናት እንበል። ለደላላ ሁለት ከመቶ ከሁለቱም ወገን ሲሰላ 240,000 እና 80,000፤ ድምሩ 320,000 ብር ነው። የስም ማዛወሪያው፣ ኢንሹራንሱ፣ አዲስ ጎማው ገና አልተነካም። እንግዲህ የመጀመሪያው ዓመት ተኩል የነዳጅ ቁጠባ ለመለወጫ ሄደ ማለት ነው። ወዳጄ እዚህ ላይ ፊቱ ጠቆረ። «ታዲያ ምን አተረፍኩ?» አለ።

ትርፉ ሌላ ቦታ ነው ያለው። 12 ሚሊዮን የሚያወጣ መኪና አውጥቶ 4 ሚሊዮን የሚያወጣ የገዛ ሰው 8 ሚሊዮን ብር ከበረት ፈትቷል። ወዳጄ ደግሞ ለዕቃ ማስገቢያ ከባንክ ኦቨርድራፍት አለበት። ወለዱን 18 ከመቶ እንበለው። 8 ሚሊዮኑን ዕዳው ላይ ቢጥለው በዓመት 1,440,000 ብር ወለድ ይድናል፤ በወር 120,000። የናፍጣው ቁጠባ 18,000 ነበር። ለካስ ወዳጄን እንቅልፍ የነሣው ማደያው አይደለም፤ ጎማ ላይ የቆመው ካፒታሉ ነው። ማደያው የሚታይ ስለሆነ ያማል፤ ወለዱ በወረቀት ስለሚያልፍ አያምም።

ነጋዴ በዕቃው ላይ «ይህ ቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ስንት ቀን ቆመ?» ብሎ ይጠይቃል። በመኪናው ላይ ግን ይህን አይጠይቅም።

«መኪናም እኮ ንብረት ነው»

ወዳጄ ሞኝ አይደለም፤ ወዲያው መለሰልኝ። «ብር ይወድቃል፣ መኪና ይወጣል። ባለፉት ዓመታት መኪናውን ሸጦ ብሩን ባንክ ያስቀመጠ ሁሉ ሲቆጭ አይቻለሁ።»

እውነቱን ነው። የኛ ገበያ ከሌላው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። በሌላው አገር መኪና ከሱቅ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ዋጋው ይወርዳል። እኛ ጋ በኤክሳይስ ታክሱ፣ በውጭ ምንዛሪው እጥረትና በብሩ መውደቅ ምክንያት ያገለገለ መኪና ቁጠባ ደብተር ሆኖ ኖሯል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌና ትልቅ ሞተር ባላቸው መኪኖች ላይ እስከ 500 ከመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ይፋ አደረጉ። የማይተካ ዕቃ ያለው ሰው ዕቃውን በርካሽ አይለቅም።

ስለዚህ ክርክሩን በቁጥር እንቋጨው። ወዳጄ መኪናውን ይዞ ቢቆይ የሚቀርበት የወለዱ 1,440,000 እና የናፍጣው 216,000፣ በድምሩ 1,656,000 ብር በዓመት ነው። ይህ ከ8 ሚሊዮኑ 20 ከመቶ ከፍ ይላል። በምትኩ የምትገዛው ትንሽ መኪናም ከገበያው ጋር አብራ ትወጣለች። እንግዲህ የመኪና ዋጋ በየዓመቱ ከ20 ከመቶ በላይ ካልጨመረ በቀር መሸጡ ያዋጣዋል። «ይጨምራል» ብሎ የሚወራረድ ካለ ይያዝ፤ ግን ውርርድ መሆኑን ይወቅ።

ከዚህ ጋር አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። ይህ ሁሉ የሚሠራው ገንዘቡ ሥራ ካገኘ ብቻ ነው። ዕዳ የሌለበት፣ ዕቃ የሚገዛበት ቀዳዳ ያላዘጋጀ ሰው መኪናውን ሸጦ ብሩን ዝቅተኛ ወለድ ባለው ደብተር ቢያስተኛው ከቆመ መኪና ወደ ተኛ ብር ተዛወረ እንጂ ምንም አላተረፈም። መጀመሪያ ገንዘቡ የሚገባበትን ቦታ፣ ቀጥሎ ገዥውን ይፈልጉ።

የኤሌክትሪኩ ጉዳይ

ደላላው ያመጣው ሐሳብ ግን ትንሽ የቤንዚን መኪና አልነበረም፤ የኤሌክትሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የኤሌክትሪክ መኪኖች ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነፃ ከተደረጉ በኋላ ከተማችን ሞልቷቸዋል። የህዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ኃይሉ የራሳችን፣ ቤንዚኑ የባዕድ ነው፤ ለአገር ማን እንደሚሻል አያከራክርም። ለኪስስ?

የተለመደ የኤሌክትሪክ መኪና ለ100 ኪሎ ሜትር ወደ 20 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል እንበል። ለጥንቃቄ ኪሎዋት ሰዓቱን በ10 ብር ብንይዘው የወዳጄ 1,500 ኪሎ ሜትር በወር 3,000 ብር ይሆናል። ከ30,000 ወደ 3,000! ደላላው ይህን ቁጥር ነው የሚያሳየው፤ አልዋሸም።

ነገር ግን መወዳደር ያለበት ከላንድክሩዘሩ ጋር ብቻ አይደለም፤ ከትንሿ የቤንዚን መኪናም ጋር ነው። የእሷ ወጪ 12,000 ነበር። ልዩነቱ በወር 9,000፣ በዓመት 108,000 ብር ነው። አሁን ዋጋ መውደቅን አስገቡበት። ቻይና ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ አምራቾች ዋጋ በመቀነስ እየተፋለሙ ነው፤ አዲሱ ሲረክስ አሮጌው አብሮ ይረክሳል። 4 ሚሊዮን የተገዛው በዓመት በ10 ከመቶ ብቻ ቢወድቅ 400,000 ብር ሄደ። በነዳጅ ያዳንነውን በዋጋ መውደቅ አራት እጥፍ ገደማ ከፈልነው ማለት ነው።

ሒሳቡ የሚገለበጠው ብዙ ለሚሮጥ ሰው ነው። በወር 4,000 ኪሎ ሜትር የሚሠራ ባለታክሲ ወይም ዕቃ አመላላሽ በቤንዚን 32,000፣ በኤሌክትሪክ 8,000 ብር ያወጣል። በዓመት 288,000 ብር ይድናል። የሞተር ዘይትና ፊልትሮ የለም። ማደያ ሰልፍ ላይ የሚያጠፋው ሰዓት ደግሞ ለእሱ ገንዘብ ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው ኤሌክትሪኩ ቅንጦት ሳይሆን የሥራ ዕቃ ነው።

የሚገዛ ሰው አራት ነገር ሳያረጋግጥ ቀብድ አይስጥ። አንደኛ፣ ባትሪው ምን ያህል አቅም እንደቀረው በመመርመሪያ ይታይ፤ ባትሪው ከመኪናው ዋጋ ትልቅ ድርሻ ይይዛል። ሁለተኛ፣ መሰኪያው የቻይና ነው ወይስ የአውሮፓ? ለቻይና ገበያ የተሠሩ መኪኖች የራሳቸው መሰኪያ አላቸው። ሦስተኛ፣ መኪናው የተሠራው ለየትኛው ገበያ ነው? ለምሳሌ የቮልስዋገን አይዲ 6 ለቻይና ገበያ ብቻ የተሠራ ነው፤ ጽሑፉም፣ ሶፍትዌሩም የቻይና ነው። ሲበላሽ የሚያውቀው ባለሙያና መለዋወጫው ከየት ይመጣል? አራተኛ፣ ቤት ውስጥ የሚሞላበት መስመርና ቆጣሪ አለ ወይ? ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ለሚኖር ይህ ቀልድ አይደለም።

ስለ መንገዱም አንድ ነገር ልጨምር። አዳማ ከአዲስ አበባ 700 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች። ሲወርዱ ቁጥሩ ደስ ይላል፤ ሲመለሱ ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና ያን አቀበት ለመውጣት ብቻ ከአራት ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይበላል። በወረዱበት ቁጥር ተማምኖ ለመመለሻው የማይበቃ ባትሪ ይዞ የተነሣ ደብረ ዘይት ላይ ሻይ ሲጠጣ ያመሻል።

ክብር ስንት ያወጣል?

ወዳጄ በመጨረሻ ዝቅ ባለ ድምፅ የተናገረው ይህን ነው። «በትንሽ መኪና ብሄድ ‹ከሠረ› ይሉኛል። ከሠረ የተባለ ሰው ደግሞ ዱቤ አያገኝም።»

ይህንን የሚስቅበት ሰው ንግድ አያውቅም። ስም ገንዘብ ነው። መኪና የነጋዴ ካባ የሆነበት ከተማ ውስጥ ነው የምንኖረው። ቢሆንም ለራሱ ለወዳጄ አንድ ጥያቄ መለስኩለት። «አንተ ዱቤ ስትሰጥ የምታየው ምኑን ነው?» አልኩት። አሰበና ሳቀ። ዱቤ የሚሰጠው ቼኩ ተመልሶ ለማያውቅ ሰው ነው። ከደንበኞቹ መካከል እጁ የታመነው አንድ ሽማግሌ ዛሬም በአሮጌ ፒካፕ ነው የሚመጡት፤ ማንም ግን ቀብድ አይጠይቃቸውም። በሚያብረቀርቅ መኪና መጥቶ ዕቃ ጭኖ የጠፋም ያውቃል።

ክብር ወጪ ከሆነ እንደ ወጪ ይመዝገብ። በወር 120,000 ወለድና 18,000 ናፍጣ፣ 138,000 ብር ለክብር መክፈል የሚችል፣ ያም ሥራ የሚያመጣለት ሰው ይክፈል። ውል የሚፈራረም ኮንትራክተር ወይም የውጭ እንግዳ የሚቀበል አስመጪ ምናልባት ያዋጣዋል። ቆርቆሮ ሻጭ ግን ደንበኛው የሚያየው ቆርቆሮውን ነው።

እኔስ?

አንባቢ «አንተስ ባለ ስድስት ሲሊንደርህን ለምን አልሸጥክም?» ቢለኝ መልሱ ያው ሒሳቡ ነው። እኔ በወር 400 ኪሎ ሜትር ብቻ እነዳለሁ። በሊትር 7 ሲሄድ 57 ሊትር፣ 6,850 ብር ገደማ ነው። በትንሽ መኪና ብሆን 3,200። የማድነው በወር 3,650፣ በዓመት 44,000 ብር ያህል ነው። መኪናዬን በ4 ሚሊዮን ሸጬ በ3 ሚሊዮን ሌላ ብገዛ ለደላላ ብቻ 140,000 እከፍላለሁ፤ በነዳጅ ለመመለስ ከሦስት ዓመት በላይ ይፈጅብኛል። የሚፈታልኝ አንድ ሚሊዮን አለ፤ እኔ ግን ወለድ የምከፍልበት ዕዳ የለብኝም፣ ብሩን የማሽከረክርበት ሱቅም የለኝም። አንዴ ዘይት በምትበላ መኪና ተቃጥያለሁ። ጎማውን በልኩ እነፋለሁ፣ የአየር ፊልትሮውን በጊዜው እቀይራለሁ፣ ሰልፍ ረዥም ሲሆን ሞተር አጠፋለሁ፤ በዚህ እቀጥላለሁ።

እንግዲህ ያው መኪና ለአንዱ ይሸጥ፣ ለሌላው ይያዝ የሚባልበት ምክንያት ይህ ነው። መልሱን የሚሰጠው የሞተሩ መጠን አይደለም። ሦስት ቁጥሮች ናቸው። በወር ስንት ኪሎ ሜትር ትነዳለህ? ከለወጥክ ስንት ብር ይፈታል? የተፈታው ብር በዓመት ስንት ያመጣል ወይም ከስንት ወለድ ያድናል? እነዚህን ሦስቱን ሳይጽፍ መኪና የሚሸጥም፣ የሚይዝም ሰው በስሜት ነው የሚነግደው።

ሽያጭ ከተወሰነም አይቸኮል። ሊብሬው በባለቤቱ ስም ይሁን፤ ዕዳና እገዳ የሌለበት መሆኑ ከመዝገቡ ይታይ፤ የጉምሩክ ወረቀቱ ይመርመር። የምትገዛዋን መኪና ደግሞ ሻጩ ባመለከተው ሳይሆን ራሳችሁ በመረጣችሁት ጋራዥ አስፈትሿት፤ ኪሎ ሜትሩ ወደ ኋላ የተመለሰ ሞልቷል። እኔ ይህን ሳላደርግ ነበር ሞተር ያወረድኩት።

ወዳጄ ናፕኪኑን አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ። የደላላውን የኤሌክትሪክ ሐሳብ ለጊዜው ተወው። ላንድክሩዘሩን ሊያወጣ፣ አንድ ደህና ትንሽ የቤንዚን መኪና ሊይዝ፣ የቀረውን ክረምቱ ሳያልቅ ዕዳው ላይ ሊጥል ወሰነ። ገበሬው እህሉን ሰብስቦ ቤት መክደን ሲጀምር ኦቨርድራፍቱ ለአዲስ ቆርቆሮ ክፍት ይሆንለታል ማለት ነው። «ለቅሶ ስደርስ ምን ይሉኛል?» አለ እየሳቀ።

«ለቀስተኛ የሚቆጥረው መድረስህን ነው» አልኩትና ሻዩን እሱ ከፈለ።